ከጠፋ መጽሐፍ የተቀዱ መጻሕፍት፦ የአየርላንድ ዜና መዋዕሎች አጠናቀር

የተከበራችሁ አድማጮች፤ በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብና፣ ነገሬን ከአንድ ሰው ሞት ልጀምር። በ1498 ማርች 23 ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ በሰሜን አየርላንድ በላይኛው ኤርን ሐይቅ ላይ ካለች ደሴት ነዋሪ የነበረ ካሃል ማክ ማኑሳ የተባለ ካህን በ60 ዓመቱ በፈንጣጣ ሞተ። ካሃል በአካባቢው የታወቀ ባላባትም ነበር፤ ለ15 ዓመት ያህል የክሎገር ጳጳስ እንደራሴ ሆኖ አገልግሏል። ይህን የምናውቀው ራሱ ካስጻፈው መጽሐፍ ነው። ከሞቱ በኋላ መጽሐፉን ይዘው የቀጠሉት ሰዎች በዚያ ዓመት ሥር ዕረፍቱን መዘገቡና፣ ይህን መጽሐፍ ከብዙ ሌሎች መጻሕፍት ለቅሞ ያሰባሰበው እርሱ መሆኑን ጻፉለት። ውዳሴው ረጅም ነው። በልብ ንጽሕናው ከርግብ፣ በድንግልናው ከዋኖስ ጋር ያነጻጽሩታል። ካሃል ግን የብዙ ልጆች አባት ነበር። በዘመኑ በዚያ አገር የካህን ልጅ መውለድ ብርቅ ስላልነበረ፣ ጸሐፊዎቹ ለማሾፍ የጻፉት አይመስለኝም፤ የዕረፍት ዜና የራሱ ወግ ስላለው በወጉ መሠረት አሰፈሩት እንጂ። ስለ ዜና መዋዕል ስንናገር ይህን ወግ መርሳት አይገባም፤ የጸሐፊው ቃል ምስክርነትም ነው፣ ልማድም ነው።

ካሃል ያስጻፈው ይህ መጽሐፍ ዛሬ በአየርላንድ ሰሜናዊ ክፍል ስም የአልስተር ዜና መዋዕል በመባል ይታወቃል። አብዛኛውን የጻፈው ሩሪ ኦ ሉኒን የተባለ ቁም ጸሐፊ ሲሆን፣ ብራናው አሁን በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ይገኛል፤ ለሌላ ሰው የተጻፈ ቅጂው ደግሞ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት አለ። ታሪኩ በ431 ይጀምርና ዓመት በዓመት እየተቆጠረ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ይደርሳል። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው፤ በ1498 የሞተ ሰው ከእርሱ 800 ዓመት በፊት በአንዲት ደሴት ላይ የነፈሰውን ነፋስ፣ ነፋሱ ያሰጠማቸውን መነኮሳት ቁጥርና ቀኑን ጭምር እንዴት ሊነግረን ቻለ? መልሱ በአንድ ቃል ቀድቶ ነው። ከምን እንደቀዳ፣ ያ የተቀዳው ከምን እንደተቀዳ፣ የመጀመሪያው ሰው ደግሞ በዐይኑ አይቶ ይሁን ሰምቶ እንዴት እንደጻፈ መመርመር ግን ከመቶ ዓመት በላይ የብዙ ሊቃውንትን ዕድሜ የበላ ሥራ ነው።

በመጀመሪያ መልኩን ላሳያችሁ። በእኛ አገር ዜና መዋዕል ሲባል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የአንድ ንጉሥ ታሪክ ነው፤ ንጉሡ ይወለዳል፣ ይነግሣል፣ ይዘምታል፣ ያርፋል፣ ጸሐፊውም በግርማው ዙሪያ ይዞራል። የአየርላንዱ እንዲህ አይደለም። መካከሉ ላይ የተቀመጠ ንጉሥ የለም፤ አገሪቱ ራሷ እጅግ በብዙ ትንንሽ ነገሥታት የተከፋፈለች ነበረች። የመጽሐፉ አጥንት ዓመቱ ነው። በየዓመቱ መግቢያ ላይ ‹‹የጃንዋሪ መባቻ›› የሚለው የላቲን ቃል በሁለት ፊደል አጥሮ ይጻፋል፤ ከዚያ ያ ቀን ከሳምንቱ ስንተኛው ዕለት እንደሆነ፣ ከዚያም በዚያ ቀን የጨረቃ ዕድሜ ስንት እንደሆነ ይገለጻል። ከሥሩ የዓመቱ ነገር በአጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ይደረደራል፤ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ የእንዲህ ያለ አገር ንጉሥ፣ ተገደለ፤ እገሌ የእገሌ ገዳም አበምኔት ዐረፈ፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ጦርነት ሆነ፤ ከብት አለቀ፤ በረዶው ጸና። ምክንያት አይነገርም፣ ሐተታ የለም፣ ጸሐፊው ስሙን አይጠራም። ለአሞጋሽ ታሪክ የለመደ አንባቢ መጀመሪያ ይሰለቻል፤ ጥቂት መቶ ገጽ ከታገሠ ግን ይህ ድርቀት ራሱ የሚታመን ነገር እንዳለው እየታየው ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከአልስተሩ ሌላ ብዙ ዜና መዋዕሎች አሉ። በሻነን ወንዝ ዳር ከነበረው ከታላቁ የክሎንማክኖይዝ ገዳም የወጡ ሦስት መጻሕፍት አንድ ቤተሰብ ይሆናሉ። አንደኛው በ1088 በሞተው አበምኔት በቲገርናክ ስም የሚጠራው ነው፤ በዚያ ዓመት ሥር ቲገርናክ እስከዚህ ጻፈ የሚል ማስታወሻ ይገኛል፤ ከ766 እስከ 974 ያለው ክፍሉ ግን ጠፍቷል። ሁለተኛው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዱዋልታክ ማክ ፊርቪሺ የገለበጠው፣ ክሮኒኮን ስኮቶሩም የሚባለው ነው። ሦስተኛው አይሪሽኛው ጠፍቶ በ1627 የተሠራ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ብቻ የቀረ ነው። እነዚህን ከአልስተሩ ጎን አስቀምጣችሁ ዓመት በዓመት ብታነጻጽሩ፣ እስከ 911 ድረስ ብዙዎቹ ዐረፍተ ነገሮች ቃል በቃል አንድ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ፤ ቅደም ተከተላቸው እንኳ አንድ ነው። ከ911 በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል፤ የአልስተሩ ስለ ሰሜን፣ የክሎንማክኖይዙ ስለ መካከለኛው አገር በየፊናቸው ያወራሉ።

ሁለት ሰዎች አንድን ጦርነት ቢያዩ ነገሩ አንድ፣ ቃላቸው ግን ልዩ ልዩ ይሆናል። ቃላቸው፣ የቃላቸው ተራና የጥቃቅኑ ስሕተት ሳይቀር አንድ ከሆነ ከአንድ ምንጭ ቀድተዋል ማለት ነው። ስለዚህ እስከ 911 የሚደርስ፣ ዛሬ አንድ ገጹ እንኳ የሌለን አንድ የጋራ መጽሐፍ ነበረ። ካትሊን ሂዩዝ የተባሉት የታሪክ ሊቅ በ1972 ባሳተሙት ጥናት ይህን የጠፋ መጽሐፍ የአየርላንድ ዜና መዋዕል ብለው ሰየሙት፤ በ2006 ደግሞ ቶማስ ቻርልስ ኤድዋርድስ ከልጆቹ ተነሥተው እናቲቱን መልሰው ለመገንባት ሞክረው በእንግሊዝኛ አሳተሙት። ዘዴው ለብራና አዋቂዎቻችን እንግዳ አይሆንም። የአንድ ገድል አምስት ቅጂ ሲገኝ የትኛው ከየትኛው እንደተቀዳ የሚታወቀው በጋራ ስሕተት ነው፤ ትክክለኛ ንባብ ማንም ዘንድ ሊገኝ ይችላል፣ ስሕተት ግን ዘር አለው።

የጠፋው መጽሐፍ ራሱም አንድ ወጥ አልነበረም። ወደ ውስጡ ጠልቀን ስንገባ ሌላ፣ ከእርሱ የሚያረጅ መጽሐፍ እናገኛለን። ከ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 740 ገደማ ያሉትን ዓመታት የሚያነብ ሰው፣ ጸሐፊው የቆመው አየርላንድ ላይ አለመሆኑን ቀስ እያለ ያስተውላል። በስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ አዮና የምትባል ትንሽ ደሴት አለች፤ አየርላንዳዊው ቅዱስ ኮሉም ኪሌ በ563 ወደዚያ አካባቢ ተሻግሮ ገዳሙን ተከለባት፣ በ597ም በዚያው ዐረፈ። በዜና መዋዕሉ ውስጥ የአዮና አበምኔቶች ዕረፍት በጥንቃቄ ይመዘገባል፤ የስኮትላንድ ነገሥታት ውጊያና የምሽጎች ከበባ ይተረካል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባሕሩ አለ። በ691 ሴፕቴምበር 16 ቀን ታላቅ ነፋስ ተነሥቶ ከአዮና ማኅበር ስድስት ሰዎችን አሰጠመ ይላል፤ ቀድሞ የጠቀስኩት ነፋስ ይህ ነው። በ737ም ከስኮትላንድ የአፕልክሮስ ገዳም አለቃ ከ22 መርከበኞቹ ጋር በጥልቁ ባሕር ሰጠመ ይላል። ስድስት መነኮሳት በታንኳ መስጠማቸው የአየርላንድ ነገሥታት ጉዳይ አይደለም፤ በየማዕዱ ስድስት ባዶ ቦታ ለሚያይ ማኅበር ግን የዓመቱ ትልቁ ነገር ነው። ከ740 ገደማ በኋላ እነዚህ የባሕር ማዶ ዜናዎች ይሳሳሉ፣ የአየርላንዱ ይበዛል። የመጽሐፉ ቅጂ ባሕሩን ተሻግሮ በአየርላንድ ወደ አንዱ ደብር ገብቶ በዚያ ቀጥሏል ማለት ነው። ደብሩ የትኛው ነው በሚለው ላይ ሊቃውንቱ አልተስማሙም፤ ክሎናርድ የሚሉ አሉ፣ አርማ የሚሉ አሉ።

አሁን ስለ አቆጣጠራቸው ጥቂት እቆያለሁ፤ ለእኛ አድማጮች ይህ ከሁሉ የቀረበ ይመስለኛልና። ዓመቱን በጃንዋሪ 1 ዕለትና በጨረቃዋ ዕድሜ ምልክት ማድረግ ከየት መጣ ቢሉ፣ ከፋሲካ ስሌት ነው። ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው አበቅቴ ሲባል ያውቃል፤ ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን፣ የላቲኖቹ ጸሐፊዎችም ያንኑ የግሪክኛ ቃል ወደ ቋንቋቸው ወስደው ለዚሁ ስሌት ተጠቅመውበታል። እኛ ንዑስ ቀመር የምንለው የ19 ዓመት ዑደት በእስክንድርያ ሊቃውንት እጅ ተስተካክሎ ወደ እኛ ሲመጣ፣ በሌላ መንገድ በሮም በኩል ወደ ምዕራብ ዳርቻም ደርሷል። አየርላንዳውያን ግን መጀመሪያ ይዘውት የነበረው የ84 ዓመት ዑደት ነው፤ በዚህም ምክንያት ፋሲካቸው ከሮም ፋሲካ ጋር እየተጣላ ለብዙ ዘመን ጠብ ሆነ። አዮና ከሁሉ የመጨረሻዎቹ መካከል ነበረች፤ በ716 ሥር ‹‹በአዮና ፋሲካ ተለወጠ›› የሚል አጭር ቃል ይገኛል። መቶ ዓመት የፈጀ ክርክር በዚህ ቃል አለቀ፤ ጸሐፊው አንድም ነገር አልጨመረበትም።

እነዚህ ሰዎች ከአቆጣጠር ጋር ምን ያህል ይኖሩ እንደነበር የ1014 መግቢያ ያሳያል። ዓመቱ አየርላንዳውያን እስከ ዛሬ የሚያነሡት የክሎንታርፍ ጦርነት የሆነበት፣ ታላቁ ንጉሥ ብራየን ቦሩ በዕለተ ስቅለት፣ ኤፕሪል 23 ቀን የወደቀበት ነው። ጸሐፊው ግን ወደ ጦርነቱ ከመድረሱ በፊት የጃንዋሪ መባቻ ዓርብ እንደዋለ፣ ጨረቃዋ 26ኛ እንደሆነች፣ ዓመቱም ከ19ኙ ዑደት ስምንተኛው እንደሆነ ይነግረንና፣ የቅዱስ ጎርጎርዮስ በዓል ከጾም መግቢያ በፊት፣ ዳግማይ ትንሣኤ ደግሞ በበጋ መዋሉ ከጥንት ጀምሮ ያልተሰማ ነገር ነው ብሎ ይደነቃል። አየርላንዳውያን በጋቸውን የሚጀምሩት ከሜይ 1 ነው። በዚያ ዓመት ፋሲካ ኤፕሪል 25 ስለዋለ፣ ይኸውም በቀመሩ መሠረት ሊዘገይ የሚችልበት የመጨረሻው ቀን ስለሆነ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ሜይ 2 ላይ ወደቀ። ስሌቱን ራሳችሁ ብትሠሩት እያንዳንዱ ቁጥር ይገጥማል።

ቁጥሩ ሁልጊዜ ግን አይገጥምም። የዓመቱ ምልክት ሁለት ፊደል ብቻ ስለሆነ፣ የደከመው ገልባጭ አንዱን መባቻ ቢዘልል የዓመቱ ነገር ወደ ላይኛው ዓመት ይገባና ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ዓመት ይሳሳታል። በሮማውያን አኀዝ አንዲት ዘንግ መጣል ደግሞ ረቡዕን ማክሰኞ ለማድረግ ይበቃል። በአልስተር ዜና መዋዕል ውስጥ በዓመተ ምሕረት የተጻፈው ቁጥር እስከ 11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአንድ ዓመት የጎደለ ነው፤ ነገሩን ያስተዋለ ሌላ እጅ ‹‹ወይም በዚህ ዓመት›› እያለ ትክክለኛውን በየጎኑ ጽፎለታል። ዛሬም የአየርላንድ ታሪክ ጸሐፊዎች የብራናውን ዓመትና የታረመውን ዓመት አስተካክለው ማንበብ የመጀመሪያ ትምህርታቸው ነው።

ታዲያ በዚህ ሁሉ መገልበጥ ውስጥ አልፎ የመጣ ነገር ይታመናል ወይ? አንድ ፈተና አለ፤ ሰማይ አይዋሽም። በ664 ሥር በሜይ መባቻ በዘጠኝ ሰዓት ጨለማ ሆነ የሚል ቃል እናነባለን፤ ሰዓቱ ከፀሐይ መውጫ የሚቆጠር ስለሆነ የእኛው የቀን ዘጠኝ ሰዓት ነው። በዚያው በጋ ሰማዩ እንደሚነድድ መታየቱን፣ መቅሠፍቱም በኦገስት 1 አየርላንድ መግባቱን ይቀጥላል። የዘመናችን የሥነ ፈለክ ስሌት የፀሐይ ግርዶሹ የሆነው በ664 ሜይ 1 መሆኑን ያረጋግጣል። በሰሜን እንግሊዝ በ731 መጽሐፉን የፈጸመው ታላቁ ሊቅ ቤድ ግን ይህንኑ ግርዶሽ ሜይ 3 ላይ አስቀምጦታል። ቤድ የተሳሳተው በማወቁ ነው ማለት ይቻላል፤ የ19 ዓመቱ ሠንጠረዥ ጨረቃዋ በሜይ 3 እንደምትጠፋ ስለሚያሳይ ቀኑ በስሌቱ እንዲገጥም ሆነ። አየርላንዳዊው ጸሐፊ ግን ያየውን ቀን ጻፈ። ስለ እኔ ከሆነ በ7ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሥፍራው ተቀምጦ ዓመት በዓመት የሚመዘግብ ሰው እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልጠይቅም። ለ536 የተጻፈው ‹‹የእንጀራ መጥፋት›› የሚለው ባለ ሁለት ቃል የላቲን ማስታወሻም እንዲሁ ነው፤ በዚያ ዓመት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ትቢያ ፀሐይን እንደጋረደና ብርድ እንደመጣ የግሪንላንድ በረዶና የዛፍ ቀለበቶች ዛሬ ይመሰክራሉ።

ወደ ኋላ ይበልጥ በሄድን ቁጥር ግን መሬቱ ይለሰልሳል። የ5ኛው ክፍለ ዘመን ዓመታት በዘመኑ የተጻፉ አይደሉም፤ ቆይተው፣ ከሌሎች መጻሕፍትና ከቃል ተለቅመው የገቡ ናቸው። 431 ላይ የተቀመጠው የመጀመሪያው ነገር፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀለስጢኖስ ጳላድዮስን በክርስቶስ ወደሚያምኑት አየርላንዳውያን መላኩ፣ የተቀዳው ፕሮስፐር ከተባለ የጎል፣ ማለትም የዛሬዋ ፈረንሳይ አገር ጸሐፊ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የአየርላንድ ሐዋርያ የሚባለው ቅዱስ ፓትሪክ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ግን የፓትሪክ ዕረፍት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ደጋግሞ ይመዘገባል፤ በ457 ሽማግሌው ፓትሪክ ዐረፈ ይላል፣ በ461 አንዳንዶች ፓትሪክ በዚህ ዓመት ዐረፈ ይላሉ ይላል፣ በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻም እንደገና ይመጣል። የዛሬ አራሚ ቢሆን አንዱን መርጦ ሌላውን ይሰርዘው ነበር። አጠናቃሪው ግን በፊቱ የተለያየ የሚሉ መጻሕፍት ስለነበሩ ሁሉንም አስገባቸው፤ አንዳንድ ቦታም ‹‹በኩዋኑ መጽሐፍ እንዲህ አገኘሁ›› ብሎ ምንጩን ይጠራል። የኩዋኑ መጽሐፍም ጠፍቷል። እኔ ይህን አለመወሰን እንደ ድክመት አላየውም፤ ብዙ ፓትሪክ ያስቀረልን ጸሐፊ አንድ ፓትሪክ ብቻ ከሚያስቀርልን የበለጠ ባለውለታችን ነው።

የጸሐፊዎቹ ቃል ምርጫም የተደራረቡትን እጆች ለመለየት ይረዳል። በአማርኛ መነኩሴ ያርፋል፣ ንጉሥ ይሞታል ወይም ይወድቃል፣ ሽፍታ ይገደላል እንደምንለው፣ እነርሱም ለሞት ብዙ የላቲን ቃል ነበራቸው፤ የትኛው ቃል በየትኞቹ ዓመታት እንደበዛ የቆጠሩ ተመራማሪዎች ቃሉ ሲለወጥ ጸሐፊው ወይም ደብሩ እንደተለወጠ ይገምታሉ። ቋንቋውም ራሱ ይለወጣል። መጀመሪያ ላቲን የገነነ ሲሆን በ9ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ አይሪሽኛው ቀስ በቀስ ቦታውን ይወስዳል፤ አንዳንዴ አንድ ዐረፍተ ነገር በላቲን ተነሥቶ በአይሪሽኛ ያልቃል። ይህ የሆነው ቫይኪንጎች የሚባሉት ከሰሜን የመጡ አረማውያን የባሕር ዘራፊዎች መርከቦች ባሕሩን በሞሉበት ዘመን ነው። በ795 ሬክሩ የምትባል ደሴት በአረማውያን ተቃጠለች፤ በ802 አዮና ተቃጠለች፤ በ806 ከአዮና ማኅበር 68 ሰዎች ተገደሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት በአየርላንድ ኬልስ አዲስ ገዳም መሠራት ተጀመረ። በእነዚያ ዓመታት ጸሐፊው ከሌላው ጊዜ አንድም ቃል አብዝቶ አላለቀሰም።

አንዳንዴ ግን ጸሐፊው ራሱን ይረሳል። በ1007 የኮሉም ኪሌ ታላቁ ወንጌል፣ ይኸውም ብዙዎች ዛሬ የኬልስ መጽሐፍ ከሚባለው ጋር አንድ ነው የሚሉት፣ ከኬልስ ታላቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ምዕራባዊ ዕቃ ቤት በሌሊት ተሰረቀ። ከሁለት ወርና ከሃያ ሌሊት በኋላ ወርቁ ተገፍፎ በሣርማ አፈር ተሸፍኖ ተገኘ። ጸሐፊው ይህን ወንጌል የምዕራቡ ዓለም ዋነኛ ንዋየ ቅድሳት ይለዋል። ቀኑን የቆጠረው ሰው ያን ጊዜ እንቅልፍ የነበረው አይመስልም።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ለውጥ መጣ፤ ከ1142 ጀምሮ የሲስተርሲያን መነኮሳት በመሊፎንት ተተከሉ፣ አሮጌዎቹ ገዳማት ደከሙ፣ ከእንግሊዝ የመጡት ኖርማን ወራሪዎችም ገቡ። ዜና መዋዕል መጻፍ ከገዳም ወጥቶ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ የምሁራን ቤቶች ሙያ ሆነ፤ ኦ ክሌሪ፣ ኦ ማልኮነሪ፣ ኦ ዲግናን፣ ማክ ፊርቪሺ የሚባሉት ቤተሰቦች ለባላባቶቻቸው እየጻፉ ርስት በሉ። ከዚህ ዘመን በፊት ተጀምሮ በዚህ ውስጥ ያለፈ አንድ ብራና ልጥቀስ። የኢኒስፋለን ዜና መዋዕል የሚባለውን በ1092 አንድ ሰው እስከ ራሱ ዘመን ገልብጦ አቆመ፤ ከዚያ በኋላ ከሠላሳ የሚበልጡ የተለያዩ እጆች እየተቀባበሉ እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ጻፉበት። ቅጂ ሳይሆን የመጀመሪያው ብራና በእጃችን ያለ ስለሆነ፣ ቀለሙ ሲለወጥ፣ ብዕሩ ሲደነድን፣ አንዱ ሞቶ ሌላው ሲተካ በዐይን ይታያል።

ከአይሪሾቹ ወገን ባይሆንም የኪልኬኒውን ፍራንሲስካን መነኩሴ ጆን ክሊንን ማለፍ አይቻለኝም። በላቲን የሚጽፈው ይህ ሰው በ1348 እና በ1349 ጥቁሩ ሞት ሲገባ በሙታን መካከል ሞትን እየጠበቀ ያየውን ጻፈ፤ ከአዳም ዘር ከመቅሠፍቱ የሚተርፍ ቢኖር ሥራውን እንዲቀጥልበትም ባዶ ብራና ትቼአለሁ አለ። ከጥቂት መስመር በኋላ ሌላ እጅ ጸሐፊው እዚህ ላይ የሞተ ይመስላል የሚል ማስታወሻ አስገባ።

የመጨረሻው ታላቅ ጥንቅር የተሠራው አሮጌው ሥርዓት በእንግሊዝ እጅ ከፈረሰ በኋላ ነው። የክሎንማክኖይዙን መጽሐፍ በ1627 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ኮነል ማክ ኦሃገን በመግቢያው ላይ የሚለው ያሳዝናል፤ የምሁራኑ ልጆች ከሙያቸው እንጀራ ስላጡ መጻሕፍቱን ችላ ብለዋል፤ አንዳንዶቹም ልብስ ሰፊዎች ብራናውን ቆርጠው፣ በረጅሙ ሰንጥቀው የሰው ልክ መውሰጃ እንዲያደርጉት ይፈቅዳሉ ይላል። በ1626 በዛሬዋ ቤልጂየም በሎቨን ከተማ ከሚገኘው የአየርላንድ ፍራንሲስካውያን ኮሌጅ ሚሃል ኦ ክሌሪ የተባለ ያልቀሰሰ መነኩሴ የቅዱሳንን ገድል እንዲለቅም ወደ አገሩ ተላከ። እርሱ የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ቤት ልጅ ነበረ። ገድሉን እየለቀመ ሳለ የመጻሕፍቱን ሁኔታ አይቶ ሌላ ሥራ ጀመረ፤ ከ1632 ጃንዋሪ 22 እስከ 1636 ኦገስት 10 በድሮስ ወንዝ አጠገብ፣ ከቤታቸው የተሰደዱት የዶኒጎል መነኮሳት በሚያበሏቸው እህል፣ ፈርጋል ኦ ጋራ የተባለ የስላይጎ ባላባት በሚሰጣቸው ገንዘብ፣ ከሦስት ዋና ረዳቶች ጋር ተቀምጦ መጽሐፉን ጻፈ። ጆን ኮልጋን የተባለው የሎቨን ሊቅ በ1645 አራቱ ሊቃውንት ብሎ ጠራቸው፤ ስሙም ጸናባቸው።

አራቱ ሊቃውንት በፊታቸው ስለነበሩት መጻሕፍት ዝርዝር ትተዋል። ከእነርሱ አንዱ በኤርን ሐይቅ ደሴት የካሃል ማክ ማኑሳ መጽሐፍ ነው። ሌሎቹ ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ውለታቸው ከዚህ ላይ ነው፤ ጥፋታቸውም ከዚሁ ይጀምራል። ታሪኩን ከጥፋት ውኃ አርባ ቀን በፊት፣ ከዓለም ፍጥረት 2242 ዓመት ላይ አንሥተው በ1616 የአልስተሩ ታላቅ ባላባት ሂዩ ኦኒል በሮም እስከ ሞተበት ድረስ አንድ ረጅም ፈትል አደረጉት። መባቻውንና ጨረቃውን ጥለው በዓመተ ዓለም፣ በዓመተ ምሕረትና በነገሥታት ዘመን ለኩት፤ ስለዚህም በጥንቶቹ ክፍለ ዘመናት ቁጥራቸው በብዙ ዓመት ይሳሳታል። የተለያየ የሚሉትን ምንጮች አስታረቁ፤ ለቤተ ክርስቲያን የማያኮራውን ነገር አንዳንዴ አለፉት። ‹‹አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ›› የሚለው የአሮጌው አጠናቃሪ ጥርጣሬ ከእነርሱ ዘንድ ብዙ አይሰማም። በቋንቋ ግርማ ከሁሉ ይበልጣሉ፤ ለ7ኛው ክፍለ ዘመን ምስክር ስፈልግ ግን ወደ እነርሱ አልሄድም፣ ወደ ካሃል እሄዳለሁ፤ ካሃል ከተናገረው ይልቅ የተወው ይበልጥብኛልና።

ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ሲናገሩ የቆዩት አንድ ነገር ቀርቶኛል። ዜና መዋዕሎቹ የተወለዱት በፋሲካ ሠንጠረዥ ኅዳግ ላይ ነው፤ መነኩሴው የዓመቱን ፋሲካ ሲያይ በጎኑ ላይ የዓመቱን ነገር አንድ ሁለት ቃል ይጽፍ ነበር ይባላል። ዛሬ ይህን ሙሉ በሙሉ የሚቀበለው ጥቂት ነው፤ የአዮና መዝገብ በሠንጠረዥ ጎን የሚበቃ አልነበረምና። ነገር ግን የ84 ዓመቱ ሠንጠረዥ ራሱ ለብዙ መቶ ዓመት እንደ አዮና መጽሐፍ ጠፍቶ ነበር፤ ስለ እርሱ የሚታወቀው ሌሎች ሲሟገቱበት ከጻፉት ብቻ ነበር። በ1985 ዳቪ ኦ ክሮኒን የተባሉ አየርላንዳዊ ተመራማሪ በጣሊያን ፓዶቫ፣ በቅዱስ አንጦንዮስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኙት። ከ438 እስከ 521 ያሉት ዓመታት በተርታ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ዓመት መግቢያ ላይ የጃንዋሪ መባቻ ከሳምንቱ የትኛው ዕለት እንደዋለ፣ ቀጥሎም በዚያ ቀን የጨረቃዋ ዕድሜ ስንት እንደሆነ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የፋሲካው ቀን ነው።